በጉልበት ልክ

ካሜራ የሚታሰር በጉልበት ልክ ነው፤
ከዚያ ከፍ ካለ ሰማይ ነው የሚያየው፣
ከዚያ ዝቅ ካለ ጉንዳን ነው የሚወርሰው።
ይህን ያስተማሩኝ ከኮልካታ መጥተው
አንድ ሌሊት አድረው የተመለሱት ናቸው።
ጭቃውን ግን እኔ ነኝ የማውቀው።

በቀይ ሲባጎ ከቴምር ጉቶ ጋር
አጥብቄ አሰርኩት ከኩሬው ዳር፤
ፊላውን በማጭድ ከፊቱ መነጠርኩ፣
እንደ ድመት ሆኜ በእጅ በእግሬ ዳኽኩ፣
መብራቷ ብልጭ ስትል «አየችኝ» አልኩ።

የኩሬው ጌታ ሀራዳን ማና
ከግድቡ ላይ ቆሞ፣ ጃንጥላ ተደግፎ፣
«ኒሩፓማ» አለኝ፣ «ልፊ እንግዲህ ልፊ!
ሌባዋን እንደሆን አገር ያውቃታል፣
ፎቶ ምን ያደርጋል?
አርባ ኪሎ ዓሣ በአንድ ወር በላችኝ፤
መርዝ ገበያ ሞልቷል፣ ማን ሊከለክለኝ?
ጨረቃዋ እስክትሞላ ብቻ ታገሥኩሽ፣
ከዚያ ወዲያ አልሰማሽ።»

ባግሮል እንላታለን በእኛ መንደር፤
ዓሣ የምታጠምድ የረግረግ ነብር።
ድመት ቢሏት ትቆጣለች፣
ነብር ቢሏት ታፍራለች።

ሃያ ሰባት ሌሊት ጠበቅሁ።
ካርዱን አውጥቼ በአጎቴ ልጅ አሮጌ ኮምፒውተር
አንድ ሺህ ሁለት መቶ አሥራ አራት ምስል ቆጠርሁ።
ነፋስ ያወዛወዘው ፊላ፣ ስድስት መቶ።
የላም አፍንጫ፣ ዓለሙን ሞልቶ።
ዳክዬ። ዳክዬ። የዳክዬ ጭራ።
ጫማዋን በእጇ ይዛ የምትሻገር ተማሪ።
የራሴ ግንባር፣ ባትሪ ስቀይር፤
ይህን ያህል ሰፊ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከሩብ ሲል
መጣች።
ቀለም የለም፤ ሌሊት ቀለም አያባክንም።
ግንባሯ ላይ መስመር፣ ጎኗ ላይ ጠብታ፣
ጅራቷ አጭር፣ አንገቷ የረጋ፣
ዓይኖቿ ሁለት ሳንቲም።
ከውሃው ጠርዝ ቁጭ ብላ መዳፏን አንስታ፣
ደጅ እንደሚመታ ጨዋ እንግዳ፣
ውሃውን መታ፣ መታ፣ መታ።
ዝንብ የወደቀ መስሎት፣ ምን ያድርግ፣ ዓሣው ወጣ።
ቀጣዩ ምስል ላይ አንዲት አምባዛ፣
ከመዳፌ የማትረዝም፣ በአፏ ይዛ።

አሥራ አንድ ሌሊት፣ አሥራ አንድ ትንንሽ ዓሣ።
ደመርኩት። ሦስት ኪሎ አይሞላም።

ምስል ቁጥር ዘጠኝ መቶ ሁለት፣
ጨረቃ የሌለበት ሌሊት፦
ሁለት እግር። የተጠቀለለ ሽርጥ።
መረብ። ጀሪካን። ደግሞ ሌላ ጀሪካን።
ፊት የለም፤ ካሜራ የሚታሰር በጉልበት ልክ ነው።
የእጅ ሰዓቱን ግን መንደሩ በሙሉ ያውቀዋል፤
ሀራዳን ራሱ ለአማቹ ለፖልቱ
በሠርጉ ቀን ያሰረለት ወርቃማው ነው።

የፖልቱ ሚስት ሹክላ አብሮ አደጌ ናት፣
ስድስተኛ ወሯን ይዛለች።
ትናንት ከጓሮዋ ጎመን ቆርጣ ሰጥታኛለች።
ካርዱን በሳሪዬ ጫፍ ቋጠርሁት፤
ፈታሁት፤
መልሼ ቋጠርሁት።

ለሀራዳን የእሷን ብቻ አሳየሁት፣
አምባዛዋን፣ መዳፏን፣ አሥራ አንዱንም ሌሊት።
«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አልኩ፣
«አርባ ኪሎ ዓሣ በዚህች አፍ ስንት ዓመት ይፈጃል?»
መልስ አልሰጠኝም። ጃንጥላውን ዘረጋ።
ዝናብ አልነበረም።

ጨረቃዋ ሞላች። መርዙ አልተገዛም።
ዛሬ ጠዋት ካርዱን አወጣሁ፤
ላም፣ ዳክዬ፣ ነፋስ፣ ነፋስ፣
ከዚያ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ
ሀራዳን ማና በበርጩማ ተቀምጦ፣
የእጅ ባትሪውን አጥፍቶ ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣
ለውሃው ጀርባውን ሰጥቶ
የገዛ ቤቱን በር ሲጠብቅ።
ቁጭ ስላለ ፊቱ ገባልኝ፣ በጉልበት ልክ።

ከኋላው፣ ከፊላው ጥግ፣ ምስሉ ሊያልቅ ሲል፣
ሁለት ሳንቲም።